መቋሚያ ለሌላት እናት፦ በእርግዝና ወራት ስለሚከሠተው የወገብና የዳሌ ሕመም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ባሉት የደጋ ቀበሌዎች ለሥራ ስንዘዋወር፣ እርግዝናቸው የገፋ እናቶች 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በገመድ አዝለው አቀበት ሲወጡ እናገኛለን። ወገባቸውን ይዘው ሲያርፉ «ያምዎታል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ምን ይደረግ፣ የወለደች ሁሉ የቻለችው ነው» ይሉናል። በዚህ ዝምታ ምክንያት ሊቀል የሚችለው ሕመም ሳይቀል፣ አደገኛ የሆነውም ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤያትና ለንስሐ አባቶች ማቅረብ ወደድን።

ሴት ስትፀንስ ሰውነቷ ለወሊድ ይዘጋጅ ዘንድ ሪላክሲንን በመሳሰሉ ሆርሞኖች አማካይነት የዳሌ አጥንቶችን አጋጥመው የያዙት ጅማቶች ይላላሉ። ማሕፀን ሲያድግ ደግሞ ክብደቷ ወደ ፊት ያመዝናል፤ የሆድ ጡንቻዎች ይለጠጣሉ፤ ሸክሙ ሁሉ በወገብ ላይ ይወድቃል። ከነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበዙት የወገብ ሕመም ያገኛቸዋል። በዳሌ መጋጠሚያዎች ላይ የሚሰማው ሕመም ከአምስት እናቶች አንዷን ያህል ይነካል፤ እርሱም በመኝታ ላይ መገላበጥ፣ በአንድ እግር መቆም፣ አጥር መሻገር ሲያስቸግር ይታወቃል። ይህ ሕመም ፅንሱን አይጎዳም፤ በአብዛኞቹም ላይ ከወሊድ በኋላ ይቀንሳል። እናቲቱን ግን እንቅልፍ ይነሣታል፤ ከቤተ ክርስቲያንም ሊያስቀራት ይችላል።

እኛን አገልጋዮችን በቀጥታ የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት የምንቆም ካህናትና ዲያቆናት ረጅም ሰዓት መቆም በወገብ ላይ የሚያደርሰውን ጠንቅቀን እናውቃለን። አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው መቋሚያን ሰጥተውናል፤ እናሸበሽብበታለን፣ ሲደክመንም እንደገፍበታለን። በሴቶች በር በኩል ባዶ እግሯን በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የቆመችው ነፍሰ ጡር ግን የምትደገፈው የላትም። ዐረፍ ብትል እንኳ፣ በቅዳሴ መካከል የተቀመጡት እንዲነሡ የምናውጀው እኛው ዲያቆናት ነንና አፍራ ትነሣለች። ሕመም ላለባት እናት መቀመጥ እንደተፈቀደ አስቀድሞ ሊነግራት የሚገባው ካህኑ ነው።

ስግደትም እንዲሁ ነው። ደጋግሞ መውደቅና መነሣት የላላውን የዳሌ መጋጠሚያ ያስጨንቃል። በሰሙነ ሕማማት እንዲህ ያለ ሕመም ያላት እናት ራሷን ዝቅ በማድረግ፣ ወይም ተቀምጣ በጸሎት እንድትተካው የንስሐ አባቷ ቢፈቅድላት ሸክሟን ያቀልላታል። ብዙዎች ሕመሙ ኃጢአት ስላልሆነ ለንስሐ አባት የሚነገር አይመስላቸውም። ስለዚህ እስኪነገረው ሳይጠብቅ ካህኑ ራሱ ይጠይቅ።

ባልንም ያናግር። 20 ሊትር ውኃ፣ የጀሪካኑን ክብደት ሳንቆጥር፣ 20 ኪሎ ግራም ነው። አህያ ያለው በአህያ ይጫን፤ የሌለው ባልና ወንዶች ልጆች ይቅዱ። ወንድ ውኃ ሲቀዳ የሚነወርባቸው ቀበሌዎች መኖራቸውን አንደብቅም፤ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ጀሪካን ተሸክሞ ቢታይ ግን ከአሥር ስብከት ይበልጣል። ሌላ መፍትሔ ከጠፋ በግማሽ እየሞሉ መመላለስ ይሻላል። ታላቁን ልጅ በአንቀልባ ማዘልም ሸክም መሆኑ አይዘንጋ። እመቤታችን ስድስተኛ ወሯን ወደ ያዘችው ወደ ኤልሳቤጥ፣ ወደ ተራራማው አገር ሄዳ ሦስት ወር ያህል አብራት እንደተቀመጠች ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል። በጽዋ ማኅበራት ይህ ታሪክ ሲነሣ፣ የማኅበርተኛቸውን ውኃና እንጨት በተራ ማድረስም አብሮ ቢነሣ እንወዳለን።

በቤት ውስጥ የሚረዱ ነገሮች ብዙ ወጪ የላቸውም። በጎን መተኛት፣ በጉልበቶች መካከልም የተጠቀለለ ጋቢ ማድረግ፤ ሲገላበጡ ጉልበቶችን ገጥሞ ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ ማዞር፤ ከመኝታ ሲነሡ በጎን ዞሮ በክንድ ተደግፎ መቀመጥ፤ ጫማ ሲያደርጉና ቡና ሲያፈሉ ዱካ ላይ መቀመጥ፤ ዕቃ ሲያነሡ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ ይጠቅማል። አንዳንዶች መቀነታቸውን ሆድን ሳያጠብቁ ከሆድ በታች በዳሌ ዙሪያ ሲታጠቁት ይቀላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የነፍሰ ጡር ክትትል መመሪያም የወገብና የዳሌ ሕመምን ለመከላከል በእርግዝና ወቅት ሁሉ የሰውነት እንቅስቃሴን መክሯል። ሸክም የሌለበት ልከኛ የእግር ጉዞ ከዚህ ይቆጠራል፤ ጀሪካን አዝሎ አቀበት መውጣት ግን አይቆጠርም።

ሆድን ማሳሸት አደጋ አለው፤ ይቅር። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፅንሱን ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይወሰዱ፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ቢያስፈልግም የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ጠበል የምትጠመቅ እናትም ክትትሏን አታቋርጥ።

ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ወሯ ሳይደርስ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት፣ ደም ወይም የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የእግር መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ ከታዩ ማደር አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ቤቷ ከመንገድ የራቀ ከሆነ፣ ወሯ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትቆይ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይገባል።

በቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ለማዘጋጀት በጀት መጠበቅ አያሻም። በሴቶች በር አጠገብ የተጠረበ ግንድ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎ አጎዛ ቢነጠፍበት ይበቃል። ቦታው ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን መሆኑን ግን ዲያቆኑ ቅዳሴ ሳይገባ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ካልተነገረ የሚቀመጥበት አይገኝም።