ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ፦ ኮምፒውተሩ ሳይግል በቀጥታ ለማስተላለፍ

ጂንካ ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲያስተላልፍ የዋለ ሚኒ ኮምፒውተር ኦሞራቴ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ወቀሳው ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ኔትወርኩ ላይ ነው። ጂንካ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ኦሞራቴ ደግሞ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የኦሞራቴ አየር ይበልጥ ይሞቃል። ፕሮሰሰር ሥራ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ከአካባቢው አየር በላይ ይወጣል። ልዩነቱ 55 ዲግሪ ነው እንበል፤ በ25 ዲግሪ አየር 80 ላይ ይቆማል፣ በ38 ዲግሪ ግን ወደ 93 ያመራል። ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ሚኒ ኮምፒውተር ደግሞ 80 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ችግሩን ይለዩ። ኦቢኤስ በተባለው የስርጭት ሶፍትዌር ውስጥ ስታትስ የሚለውን መስኮት ይክፈቱ። ኢንኮዲንግ ላግ የሚለው ቁጥር ከጨመረ ቪዲዮውን የሚያምቀው ክፍል ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ሬንደሪንግ ላግ ከሆነ የተጨናነቀው ግራፊክሱ ነው። የሚጨምረው ድሮፕድ ፍሬምስ ብቻ ከሆነ በእርግጥም ኔትወርኩ ነውና ማራገቢያ አይፈታውም።

ቀጥሎ ማራገቢያ ከመግዛትዎ በፊት ሥራውን ይቀንሱ። ከ1080 ወደ 720 ሲወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያቀናብረው ነጥብ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ በሴኮንድ 60 ፍሬም የነበረውን 30 ማድረግ ሥራውን እንደገና ያጋምሰዋል። ካሜራውንም በ720 ያስገቡ። ከዚያ ቪዲዮውን የሚያምቀውን ኢንኮደር ይመልከቱ፤ ትልቁ እፎይታ የሚገኘው እዚህ ነው። ኤክስ264 ከተመረጠ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮ ለማመቅ የተለየ ክፍል (ኩዊክ ሲንክ) ያለው የኢንቴል ማሽን ከሆነ እሱን ይምረጡ። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል አለው፤ አዲሱና ፈጣኑ ፓይ 5 ግን የለውም፤ ስለዚህ ለስርጭት ሲገዙ አዲስነቱን ብቻ አይዩ። ከኤክስ264 ሌላ አማራጭ ከሌለ ቬሪፋስት የሚለውን የፍጥነት ቅንብር ወደ ሱፐርፋስት ይቀይሩ። ምስሉ ጥቂት ይደበዝዛል፣ ግን አይቋረጥም።

ቢትሬት መቀነስ የሚቆጥበው በዋናነት የኢንተርኔት ጥቅልዎን ነው። 720 በ2,500 ኪሎቢት ከድምፁ ጋር በሰዓት 1.2 ጊጋባይት ያህል ይበላል።

እየቀረጹም ከሆነ ጥራቱን ከስርጭቱ ጋር አንድ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ፕሮሰሰሩ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ፋይሉን በኤምኬቪ ያስቀምጡ፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀረጸው ይተርፋል። ስርጭቱን የሚከታተሉት በስልክ እንጂ በዚያው ኮምፒውተር ብሮውዘር አይሁን።

አሁን ወደ ቦታው። ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ የአየር መውጫው ሳይሸፈን ያስቀምጡት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። በረዶ ማስጠጋት ግን እርጥበት ያመጣልና ፈጽሞ አይሞክሩት። የፓይ ስክሪን ላይ የመብረቅ ምልክት ከታየ ቻርጀሩ ወይም ገመዱ ደካማ ነው፤ ይህም ፍጥነት ይቀንሳል።

ቱርሚ አካባቢ የሐመርን የከብት ዝላይ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ የሚያስተላልፉ ከሆነ ሰዓቱን ያስቡበት። ዝግጅቱ ቀኑን ይዞ ዝላዩ የሚመጣው ወደ ማምሻው ነው። ከቀትር ጀምሮ ሲግል የዋለ ማሽን የሚዝለው ሁሉም በሚጠብቀው ቅጽበት ስለሆነ፣ እስከዚያ አጥፍተው ያሳርፉት።

ሙከራውን በዚያው ቦታ፣ በቀትር፣ ለአንድ ሰዓት ያድርጉ፤ በየ10 ደቂቃው ሙቀቱን ይመዝግቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም መውጣቱን ካላቆመ ወደ 480 ይውረዱና እንደገና ይሞክሩ።