የታደሰ ሞተር ሲያስቸግር

ሞተር አሳድሳችሁ በአሽዶድ መንገድ ስትወጡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በንቃት ተከታተሉ።

የዘይት መብራት ከበራ ወዲያው ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ ዘይት ያልደረሰው ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል። ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ከጨመረም አቁሙ፤ የጋለ ራዲያተር ግን አትክፈቱ።

ሞተሩን ሌላ መካኒክ እንዲፈታው አትቸኩሉ፤ ከተፈታ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። መኪናውን በጎታች ወደ ሠራው ጋራዥ መልሱ፣ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት አስቀምጡ። ካልተስማማችሁ በትቪዖት ክታኖት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ትችላላችሁ።