«ይህን መዝሙር ማን ደረሰው?»



ዛሬ ልናካፍላችሁ የፈለግነው ነገር የተጀመረው በአንዲት ታናሽ እኅታችን ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት የመዝሙር ክፍላችንን አሮጌ ደብተር በንጹሕ ወረቀት ለመገልበጥ ተሰብስበን ሳለ እኅታችን ብዕሯን ከወረቀቱ አንሥታ «ይህን መዝሙር ማን ደረሰው?» ስትል ጠየቀች። እርስ በርሳችን ተያየን። መዝሙሩን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ በክብረ በዓሉ ዕለት እያሸበሸብን ዘምረነዋል። የደረሰውን ሰው ግን አንዳችንም አናውቅም። ገጾቹን መለስ ብለን ብናገላብጥ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ መዝሙሮች መካከል የደራሲ ስም የተጻፈባቸው አራት ብቻ ሆነው ተገኙ።

«ምን ቸገረን? መዝሙር የሁሉ ነው፤ ዋናው መዘመሩ ነው» ያልን ነበርን። እውነቱን ለመናገር ይህን ካሉት መካከል የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆችም እንገኝበታለን። ሆኖም ጥያቄው ከአእምሮአችን አልጠፋም። ስም ለአንድ ዜማ ምን ይጠቅመዋል? ይህን ስንፈልግ ስማቸው በብዙዎቻችን ዘንድ እምብዛም የማይነሣ የሁለት ሰዎችን ታሪክ አግኝተን አነበብን፤ ሥራቸውንም በአዳራሻችን ተሰብስበን አዳመጥን። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። አቶ ኃይሉ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ የኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በ1981 ባንዱ ዝግጅቱን ለማቅረብ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብረው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ አገር ቤት መጣ፤ ተሸጠ፤ ተደመጠ፤ ከዚያም እንደ ብዙዎቹ ካሴቶች ከመደርደሪያ ጥግ ገብቶ ተረሳ። ባለቤቱም መድረኩን ትተው በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሹፌር ሆኑ። መጫወታቸውን ግን አልተዉም። በመኪናቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ኪቦርድ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ድረስ ተራ እየጠበቁ ይለማመዱ ነበር።

በ2013 የአፍሪካን ካሴቶች የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ ሙዚቃ ቤት ያንን ካሴት አገኘ። ሲሰማው ወደደው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ በስልክ አነጋገራቸው። ካሴቱ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ፤ አቶ ኃይሉም ከስንት ዘመን በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች መድረክ ላይ ወጡ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራቸውን አወጡ። እኛን ከዚህ ሁሉ የገረመን አንድ ትንሽ ነገር ነው። አሜሪካዊው ሰውዬውን ሊያገኛቸው የቻለው ስማቸው በካሴቱ ልባስ ላይ ተጽፎ ስለ ነበረ ነው። ልባሱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በእጁ የሚቀረው አንድ ደስ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር፤ ወደ ሰውየው የሚያደርሰው መንገድ አይኖረውም።

(አንድ መምህራችን ይህን ሲሰሙ፣ «የባንድ ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?» ብለውን ነበር። ቅሬታቸውን እናከብራለን። እኛ ግን ወደ ደብተራችን እንድንመለስ ያደረገን ይኸው ካሴት ስለ ሆነ ልንተወው አልፈለግንም።)

ሁለተኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ስለ እርሳቸው ትንሽ ረዘም አድርገን ብንጽፍ አንባብያን ይቅርታ ታደርጉልናላችሁ፤ አብዛኞቻችን ከዚህ በፊት ስማቸውን እንኳ ሰምተን አናውቅም ነበርና።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድል ተገኝቶ ሳለ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። ኀዘናቸው እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ እህል ውኃ ትተው ለሞት ተቃረቡ። ከዚያ ሲነሡ የሄዱት ወደ ግሸን ማርያም ነው። በሃያ አንድ ዓመታቸው መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው እየሄዱ በዚያ ተራራ ላይ ኖሩ። ፒያኖ በሌለበት ማለት ነው። እኛ ስልካችን ለግማሽ ቀን ቢጠፋብን የምንሆነውን እናውቃለን።

በኋላ በ1960ዎቹ ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የዜማ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩና ምግባቸውን ለምነው ሲበሉ ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ መጫወት ብቻ ነው። ስለዚህም የራሳቸውን ድርሰቶች በጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው ገቢው ለችግረኞች ልጆች እንዲውል አደረጉ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በተከታታይ ካሳተማቸው ሥራዎች ሃያ አንደኛው ቁጥር በ2006 ለእርሳቸው እስከ ተሰጠበት ጊዜ ድረስ፣ ያንን ሸክላ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ማያ ዱኒየትዝ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች ገዳሙ ድረስ ሄዳ እማሆይን አገኘቻቸው። እርሳቸውም በእጃቸው ጽፈው ያስቀመጡትን የኖታ ወረቀት በከረጢት እንደ ሆነ አውጥተው ሰጧት። ወረቀቶቹ ተጠርተውና ተስተካክለው በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ። እማሆይ በመጋቢት 2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት በ2024 ደግሞ፣ ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ በቤታቸው ተቀምጠው በካሴት የቀረጹት፣ በገዛ ድምፃቸው የሚያዜሙበት ሥራ ወጣ። ፒያኖ ተጫዋች ብቻ ናቸው ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ይህ ድንገተኛ ነገር ነበር።

በአዳራሻችን ስናዳምጣቸው መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቻችን ግራ ተጋባን። ከበሮ የለም፤ ጭብጨባ የለም፤ ዜማው ይሄድና ቆም ይላል፤ ሊያልቅ ነው ስንል ደግሞ ይቀጥላል። አንድ ወንድማችን (ዜማ ቤት የቆየ ነው) «ይኸ እኮ መሪጌታችን ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም በሌላ ጆሮ ሰማነው። መሣሪያው የባሕር ማዶ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእኛው ነው። ይህን ያወቅነው እስከ መጨረሻው ድረስ ተቀምጠን ስለ ሰማን ነው። ከዚያ አስቀድሞ አንዱ ግማሽ ደቂቃውን ቆርጦ በቴሌግራም ልኮልን ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

ስለ ቴሌግራም ካነሣን አይቀር፣ ያመመንን እንናገር። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በካሴት ዘመን መዝሙር ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ እየደከመ ይሄድ ነበር፤ ልባሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ባለቤት ዘንድ ስለሚቀር ስሙ በሁለተኛው እጅ ይጠፋል። በዛሬው ዘመን ድምፁ አይደክምም። ስሙ ግን ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል። ከእኛው አባላት የአንዱን ስልክ ብንመለከት «አዲስ መዝሙር 2» የሚባል አገኘን። ስንከፍተው የምናውቀው የቆየ መዝሙር ነው፤ አዲስም አይደለም፣ ሁለተኛም አይደለም።

ወደ ደብተራችን እንመለስ። የታናሽ እኅታችንን ጥያቄ ይዘን የቀድሞዋን የመዝሙር ክፍል ኃላፊ ጠየቅን። እርስዋ ከእርስዋ በፊት ወደ ነበሩት ላከችን፤ እርሳቸውም ወደ ሌላ። በአራተኛው ቤት አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት አገኘን። በየሰንበቱ በሴቶች በር በኩል፣ ከግንቡ ሥር ከሚቀመጡት እናቶች አንዷ ናቸው። እኛ በየዓመቱ በፊታቸው እየዘመርን አልፈናል። መዝሙሩ የእርሳቸው ነው።

«ታዲያ ስንዘምረው ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ምን ብዬ? የኔ ነው ልበል?» አሉና ሳቁ። በእርሳቸው የወጣትነት ዘመን ለመዝሙር ስም መጻፍ እንደ መታበይ ይቈጠር እንደ ነበር አጫወቱን። አሁንም ስማቸው በዚህ ጽሑፍ እንዳይወጣ ለምነውናል፤ ቃላቸውን አክብረናል። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ስምን የሚያጠፋው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ትሕትናም ያጠፋዋል። ትሕትናው ግን የደራሲው ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ የራሱ ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን። በዚህ ላይ ጥቂት ከተከራከርን በኋላ በደብተሩ ላይ እንዲጻፍ ፈቀዱ።

ከዚያም መዝሙሩን ዘምሩልኝ አሉን። ዘመርን። ሁለተኛውን አንቀጽ ጨርሰን ወደ አዝማቹ ስንመለስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። «ሦስተኛው የት ሄደ?» አሉ።

ሦስተኛ አንቀጽ እንዳለው ከእኛ ማንም አያውቅም ነበር። ቆይተን ስንመረምር፣ የእኛ ደብተር የተገለበጠበት የቀደመው ደብተር በዚያ ገጽ ላይ ግርጌው ተቀዶ አገኘነው። የገለበጠው ሰው ያየውን ጻፈ፤ የሚጠይቀውን ሰው ስም አላገኘም። እናታችን ሦስተኛውን አንቀጽ እየቈረጡ ነገሩን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስንኞች ጻፍን። አራተኛው ላይ ዝም አሉ። ጥቂት አንጐራጐሩ፤ እንደገና ከላይ ጀመሩ፤ ዜማው ይመጣል፣ ቃሉ አልመጣም። «ምነው ዐሥር ዓመት ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አሉን። ቡና አፍልተው ካልጠጣችሁ አትሄዱም ብለው አቈዩን እንጂ የሚመለስ ቃል አልነበረንም።

ከዚህ በኋላ የመዝሙር ክፍላችን በወሩ የመጨረሻ ሰንበት ከጉባኤው በኋላ የማዳመጫ ሰዓት ከፍቷል። አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ያመጣል፤ መዝሙር ወይም የበገና ወይም እንደ እማሆይ ያለ የመሣሪያ ዜማ ሊሆን ይችላል። የታወቀ መሆን የለበትም፤ እንዲያውም ያልታወቀውን እንመርጣለን። ያመጣው ሰው ከማሰማቱ በፊት ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንዳዜመው፣ የትና መቼ እንደ ተቀረጸ ያገኘውን ያህል ይናገራል። ሳይቈረጥ እስከ መጨረሻ ይሰማል። የዕለቱ ጸሓፊ የተባለውን በአዲሱ ደብተር ይመዘግባል። በመጀመሪያው ወር ስድስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንደኛው ወንድማችንም እንቅልፍ ወስዶት ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ወንበር አልበቃንም፤ አንዲት እኅታችንም አያቷ የደረደሩትን የበገና ዜማ በስልኳ ቀርጻ አምጥታ አሰማችን።

በአዲሱ ደብተር ላይ ከእናታችን መዝሙር ሦስተኛ አንቀጽ ሥር አንድ መስመር ባዶ ትተናል። ከእርሳቸው ጋር በዚያ ዘመን የዘመሩ እናት ወይም አባት፣ አክስት ወይም አጎት ያላችሁ አባላት እባካችሁ በቤታችሁ ጠይቁልን። ስም ያልተገኘላቸው ሃያ አምስት መዝሙሮችም ዝርዝራቸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ደብተሩ በመዝሙር ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ከክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ይገኛል።