የኢሉባቦርን የሌሊት ሰማይ በፎቶግራፍ ማንሳት

ኮከቦች የሰሜን ኮከብን ሲዞሩ ሰፋፊ ክብ ሠርተው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በየመጽሐፉ አሉ። አብዛኞቹ የተነሱት ግን ከኛ ርቀው በስተሰሜን ባሉ አገሮች ነው። መቱ ከምድር ወገብ በ8 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ በ8 ዲግሪ ገደማ ነው። እጃችንን ዘርግተን ብንጨብጥ የጡጫችን ወርድ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ኮከቡ ከዚያም ዝቅ ይላል ማለት ነው። ኮረብታና ዛፍ ይከልለዋል። ታዲያ ተማሪው "መምህር፣ የታለ?" ቢለን ምን እናሳየዋለን? ከገዛ ሰማያችን የተነሳ ፎቶግራፍ ቢኖረን ይበጃል።

ለሥራው ካሜራ ወይም የሌሊት ማንሻ ያለው ሞባይል ይበቃል፤ ዋናው እንዳይነቃነቅ ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከሌለ ድንጋይ ላይ ማስደገፍ ይቻላል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሌንሱ ብዙ ከተከፈተ ኮከቡ መስመር ይሆናል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መጠን ለሚሠራ ካሜራ የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ሌንሱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን 20 ሰከንድ ይሆናል። መስመሩን የሚፈልግ ደግሞ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ረዘም ላለ ጊዜ ያንሳ። በኛ አገር ኮከቦች ቀጥ ብለው ሊወጡ ምንም አይቀራቸው፤ በመጽሐፍ ካለው ክብ ጋር ማነጻጸር ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

ችግሩ ወቅቱ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ መካከል በምሽት ጎልቶ የሚወጣው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኢሉባቦር ዝናብ ብቻ ነው! ስለዚህ እኛ ማምሸት ሳይሆን መማለድ አለብን። በየካቲት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ በደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ጨረቃ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከዚያ ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ ሰማዩ ይጨልማል። እንቅልፍ የሚያሸንፈው ሰው በታኅሣሥና በጥር ማታ 3 ሰዓት ኦሪዮንን ያንሳ፤ እሱም አያሳፍርም። በበጋ የሚያስቸግረው የቃጠሎ ጭስ ነው፤ ትንሽ ካካፋ በኋላ ያለው ሌሊት ይመረጣል።

ቦታን በሚመለከት ብዙ ሰው ሶር ፏፏቴን ይጠቅሳል። በኔ አስተያየት ለኮከብ አይመችም፤ ገደሉና ደኑ ሰማዩን ያጠቡታል፣ የውሃው ብናኝ ሌንሱን ያለብሰዋል፣ መንገዱም በሌሊት ያንሸራትታል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመዘገበው በያዩ የቡና ደን ውስጥም ቅጠል እንጂ ሰማይ አይታይም፤ ዳር ወጥቶ ዛፎቹን ከፊት ማድረግ ነው። የተሻለው ጎሬ ነው። ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ ከመቱ ይበልጣል፣ አድማሱም ሰፊ ነው። እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የአዲስ አበባ መብራት ግን ሰማዩን ያፈዝባቸዋል። እኛ ቴሌስኮፕ የለንም እንጂ ጨለማው ሞልቶናል፤ በተለይ መብራት በጠፋ ማታ!

ባትሪውን በቀይ ፌስታል መሸፈን ዓይንን ከመፍዘዝ ያድናል። በሌሊት 10 ሰዓት ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሌባ ስለሚመስል ለሠፈሩ ሰው አስቀድሞ መንገር፣ ለጅቡም ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ ነው። ፎቶግራፉ ሲታጠብ ከጀርባው ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የዞረበት አቅጣጫ ይጻፍበት።