ለስናፕሾት ስንት ጊጋባይት ይበቃል?

ስናፕሾት ሲባል ዲስኩ በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ የተገለበጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ዲስክ ሰዓታት በፈጀ ነበር፤ ስናፕሾት ግን በጥቂት ሴኮንድ ይነሣል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከተነሣ በኋላ ነው።

አሠራሩን በሊኑክስ በሚገኘው ኤልቪኤም እንመልከት። ዲስኩ ብሎክ በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ስናፕሾት ከተነሣ በኋላ አንድ ብሎክ ሊለወጥ ሲል፣ አሮጌው ይዘት በቅድሚያ ለስናፕሾቱ ወደ ተያዘው ቦታ ይገለበጣል፤ ከዚያ አዲሱ ይጻፋል። ያው ብሎክ ዐሥር ጊዜ ቢለወጥም አሮጌው የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቦታ ስንይዝ የምንጠይቀው «ዲስኩ ስንት ጊጋባይት ነው?» ብለን ሳይሆን «ስናፕሾቱ እስኪሰረዝ ድረስ ስንቱ ይለወጣል?» ብለን ነው።

ምሳሌ፦ የተማሪዎች ውጤት የተቀመጠበት የትምህርት ቤት ሰርቨር 100 ጊጋባይት መረጃ አለው እንበል። በቀን እስከ 2 ጊጋባይት ይለወጣል፤ ስናፕሾቱ 5 ቀን እንዲቆይ ተፈልጓል። 2 × 5 = 10 ጊጋባይት ይሆናል። ለመጠባበቂያ ግማሹን ስንጨምር 15 ጊጋባይት እንይዛለን።

አሁን በሁለተኛው ቀን ማታ 4 ጊጋባይት ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ሰው 12 ጊጋባይት የበዓል ቪዲዮ ጫነ። ኤልቪኤም የሚያውቀው ብሎክን እንጂ ፋይልን አይደለም፤ ስለዚህ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ ሲጻፍም የቀድሞውን ይዘት ይገለብጣል። 4 + 12 = 16፤ ከተያዘው 15 በለጠ። በዚህ ጊዜ ዋናው መረጃ አይነካም፤ ስናፕሾቱ ግን ሙሉ በሙሉ ዋጋ ያጣል። በማግስቱ ውጤት በስሕተት ቢሰረዝ በእርሱ መመለስ አይቻልም።

ይህ እንዳይደርስ፦

1. ኤልቪኤስ በሚባለው ትእዛዝ የተያዘው ቦታ ስንት በመቶ እንደ ሞላ በየጊዜው ማየት።
2. ሳይሞላ ማስፋት። ለምሳሌ 70 በመቶ ሲደርስ በራሱ 20 በመቶ እንዲጨምር ማዘዝ ይቻላል። ለዚህም ዲስኩ ላይ ለማንም ያልተመደበ ቦታ መተው ያስፈልጋል።
3. ሥራውን የጨረሰ ስናፕሾትን መሰረዝ። ካልተሰረዘ ቦታ መብላቱን ይቀጥላል፤ ጽሕፈትንም ያዘገያል።

በዊንዶውስ ሁኔታው ይለያል፤ የተፈቀደው ቦታ ሲሞላ አሮጌዎቹ የመመለሻ ነጥቦች እየተሰረዙ ለአዲሶቹ ቦታ ይለቃሉ።

አንድ ነገር አይዘንጋ። ስናፕሾቱ የሚኖረው ከዋናው መረጃ ጋር በአንድ ዲስክ ከሆነ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የውጤት መዝገብ ሌላ ቅጂ በተለየ ዲስክ፣ በተለየ ክፍል ሊቀመጥ ይገባል።

መልመጃ፦ በቀን 3 ጊጋባይት ለሚለወጥ ሰርቨር፣ ለ4 ቀን ለሚቆይ ስናፕሾት ስንት ጊጋባይት ትይዛላችሁ? መጠባበቂያውን አትርሱ።