ስለ ዓባይ አገሮች ስምምነትና ስለ አፈር ጥበቃ

በ2002 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበው የዓባይ ተፋሰስ የትብብር ስምምነት ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት አገሮች አጽድቀውት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጸና፤ ግብጽና ሱዳን ግን አልፈረሙበትም። ይሁን እንጂ የወረዳ ሹም ከወረቀቱ ይልቅ አፈሩን ልብ ሊለው ይገባል። በክረምት ከጎጃምና ከወሎ ተዳፋት እርሻ የሚታጠበው አፈር በዓባይ እየወረደ፣ በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተፈጸመውን የሱዳንን የሮዜሬስ ግድብ በደለል ሞልቶ የውኃ ማጠራቀሚያውን አጥብቦታል። አሁን ግን ይኸው ደለል አስቀድሞ የሚያርፈው በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በራሳችን የሕዳሴ ግድብ ውስጥ ነው። ስለዚህ እርከን ማሠራት ለጎረቤት የሚደረግ ችሮታ ተደርጎ አይቈጠር፤ የሄደው አፈር የባላገሩ እህል ነበርና። ሥራው ከተዳፋቱ ራስ ተጀምሮ ዝናም ሳይጥል በበጋ ይፈጸም፤ ከታች የጀመሩት እንደ ሆነ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ይንደዋል።