መጠለያ የሚታቀደው ከጎርፉ በፊት ነው

መስጂድ በእስልምና ታሪክ ውስጥ የሶላት ቦታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በመዲና የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ቤት ንብረታቸውን ትተው ለተሰደዱ ድሆች ማደሪያ ነበር። እነዚህም የሱፋ ሰዎች ተብለው ይታወቃሉ። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት በቆሰሉ ጊዜም የታከሙት በዚያው መስጂድ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። ድንኳኑ ራሷን ለቁስለኞች አገልግሎት የሰጠችው የሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ነበር። ስለዚህ መስጂድን ለመጠለያ፣ ፈቃደኛ አስታማሚን ለሕክምና ማሰለፍ ከውጭ የተቀዳ አሳብ ሳይሆን ከራሳችን ቤት የወጣ ሱና ነው።

ይሁንና ዛሬ በየከተማችን «ዛሬ ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ ማን የት ያድራል?» ብሎ የመከረ የመስጂድ ኮሚቴ ስንት ነው? በጋዜጠኝነት ሥራዬ አጋጣሚ ይህን ጥያቄ ለኮሚቴ አባላት አቅርቤ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «በሩን እንከፍታለን» የሚል ነው። በር መክፈት መልካም ነው። ነገር ግን የተከፈተ በር ብቻውን መጠለያ አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለምን እንደማይሆንና ምን ሊጨመርበት እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ከድሬዳዋ የምንማረው

የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ዳርቻው ላይም ቤት ይሠራል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ግን በሐረርጌ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ ሌሊት ደረሰ። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆነው በትምህርት ቤቶችና በድንኳኖች ተጠለሉ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ጎርፍ ዝናብ ያልጣለበትን ሰፈር ሊያጠፋ ይችላል፤ የሚሰጠውም ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ሕዝቡን ሌሊት የሚቀሰቅስ ድምፅ ያስፈልጋል። ከመስጂድ ድምፅ ማጉያ የተሻለ መቀስቀሻ ያለው ሰፈር ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ ከጎርፉ ያመለጠ ሰው ከአደጋ ወጥቷል ማለት አይደለም። በዚያው በ1998 ዓ.ም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከጋምቤላ ተነሥቶ ወደተለያዩ የአገሪቱ ክልሎች እየተዛመተ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ተጨናንቆ፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ አጥቶ ከቆየ፣ የወንዙ ውሃ ያልገደለውን የመጠለያው ውሃ ሊገድለው ይችላል። መጠለያ ያለ ጤና ባለሙያ አይታቀድም የምንለውም ለዚህ ነው።

የዑመር (ረ.ዐ) ሁለት ቆጠራ

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሒጃዝ ከባድ ድርቅ ሆነ። ዓመቱ «ረማዳ»፣ የአመድ ዓመት፣ ተብሎ ተጠራ። የገጠሩ ሕዝብ ወደ መዲና ጎረፈና በከተማይቱ ዙሪያ ሰፈረ። ኢብን ሰዕድ በጠበቃቱ እንዳሰፈረው ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በየሰፈሩ ኃላፊዎችን መደቡ፤ እነርሱም ሲመሽ ከኸሊፋው ዘንድ ተሰብስበው የዕለቱን ሁኔታ ያቀርቡ ነበር። ዑመር በማዕድ ላይ የቀረቡትን ብቻ አላስቆጠሩም። ወደ ማዕዱ መምጣት ያልቻሉትን፣ በሽተኞችንና ሕፃናትን፣ ለብቻ አስቆጥረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ሁለተኛው ቆጠራ ነው። በሩን ከፍተን ብንጠብቅ የሚመጣው እግር ያለው ነው። አልጋ ላይ የዋለው አዛውንት፣ ዘጠነኛ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ ዓይነ ስውሩ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እናት አይመጡም። ኮሚቴው በጠዋት የመጡትን ቆጥሮ አልሐምዱሊላህ ሲል ያልመጡት ከቁጥሩ ውጭ ይቀራሉ።

ይህን ሁለተኛ መዝገብ ዛሬ ማዘጋጀት የሚችለው ማን ነው? ኢማሙ በጁሙዓ የሚያያቸው መስጂድ የመጡትን ነው። የዕድሩ ዳኛ የሚያውቀው መዋጮ የሚከፍሉትን አባወራዎች ነው። በየቤቱ ገብተው ማን ምን እንደሚቸገር የሚያዩት በቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከእነርሱ ጋር የሚሠሩት በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ናቸው። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የመጀመሪያ ርዳታና የቃሬዛ አያያዝ ሠልጥነዋል። እንግዲህ መስጂዱ ቦታና ድምፅ አለው፤ ዕድሩ ድንኳን፣ ምንጣፍና ድስት አለው፤ ፈቃደኞቹ ዕውቀትና የቤት ለቤት ትውውቅ አላቸው። የጎደለው ሦስቱን ከክረምት በፊት በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሹራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሰው ሕመም አማና ነው። የማን ቤት ምን በሽታ እንዳለ በኮሚቴ ፊት ሊነበብ አይገባም። ያ መዝገብ ከጤና ሠራተኛዋ እጅ አይውጣ። ኮሚቴው ማወቅ ያለበት የትኛው ቤት ሰው እንደሚላክና ስንት ተሸካሚ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው። ምስጢሩ የማይጠበቅለት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በሩን አይከፍትም።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን መስጂዳችንን የምንለካው በሰጋጁ ቁጥር ነው። መጠለያ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። «ስፊር» ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ርዳታ መስፈርት ለአንድ ሰው ማደሪያ ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ እንዲሁም ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ያስቀምጣል። በመጀመሪያዎቹ የጭንቅ ቀናት ብቻ አንድ መጸዳጃ ለ50 ሰው ሊሆን ይችላል። የሴቶች መጸዳጃ ከወንዶች ሦስት እጅ እንዲሆንም ይመክራል።

ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 12 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። ስፋቱ 240 ካሬ ሜትር ነው። ለሶላት ከ300 በላይ ሰው ይቆምበታል። ለማደሪያ ግን የሚበቃው ለ68 ሰው ነው! ለእነዚህ 68 ሰዎች በቀን ከ1,000 ሊትር በላይ ውሃና አራት መጸዳጃ፣ ሦስቱ ለሴቶች፣ ያስፈልጋል። የውዱእ ቧንቧችን መብራት ሲጠፋ ወይም መስመሩ ሲቆረጥ ይሠራል? ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? የውሃ ማከሚያው፣ ሳሙናውና ኦ.አር.ኤሱ የት ይቀመጣል? ተቅማጥ የጀመረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪወሰድ የሚቆይበት የተለየ ድንኳን አለ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የሚቻለው በረጋ ቀን እንጂ በጎርፍ ሌሊት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ቦታው ይመርመር። መስጂዱ ራሱ በወንዝ ዳር ከቆመ መጠለያ ሊሆን አይችልምና ከፍ ያለ ቦታ ካለው ትምህርት ቤት ጋር መነጋገር ይገባል። አደጋውም እንደየአገሩ ይለያያል። በ2017 ዓ.ም በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋገመ ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተሰነጠቀ የብሎኬት ግድግዳ ራሱ ጠላት ነው፤ የሚሻለው ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን ነው።

ሴቶቻችንና ጎረቤቶቻችን

ዕቅዱን ወንዶች ብቻ ከተቀመጡበት ጎደሎ ይሆናል። አብዛኞቹ ዑለማ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት በመስጂድ ውስጥ እንዳትቆይ ይናገራሉ፤ አስገዳጅ ችግር ሲኖር ያለው ፍርድ የተለየ ነው። ይህን የሚያውቅ ኮሚቴ እናቶችን በሌሊት እንዲያፍሩ ወይም ዝናብ ላይ እንዲቆሙ አያደርግም፤ አስቀድሞ የመድረሳውን ክፍሎችና የግቢውን ድንኳን ለእነርሱ ያዘጋጃል። ሕፃን የሚጠባበት መጋረጃ፣ ወደ መጸዳጃ የሚያደርስ መብራት፣ ሴት ኃላፊ፤ እነዚህ ትርፍ ነገሮች አይደሉም። ክብሯ እንደማይጠበቅ የምታውቅ ሴት ውሃ በገባበት ቤቷ መቆየትን ትመርጣለች። ያን ጊዜ የሕይወቷ ጥያቄ በእኛ ላይ ይመጣል።

ሌላው ጥያቄ የሃይማኖት ጎረቤቶቻችን ጉዳይ ነው። «ሙስሊም ያልሆነ ሰው በመስጂዳችን ግቢ ይደር ወይ?» ሲባል ሰምቻለሁ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከጧኢፍ የመጡት የሰቂፍ ልዑካን ገና ሳይሰልሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመስጂዳቸው ድንኳን ተክለው አስተናግደዋቸዋል። በሰላም ቀን ለመጣ እንግዳ ይህ ከሆነ፣ ጎርፍ አባርሮት ለመጣ ጎረቤት ምን ሊባል ነው? ጎርፍ የሰውን ሃይማኖት አይጠይቅም። መዝገባችንም ሊጠይቅ አይገባም።

ምን ይደረግ?

አሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ. ክረምት ከመግባቱ በፊት ኢማሙ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከበጎ ፈቃደኞች የተወከሉ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ይቀመጡ። የቀበሌው አስተዳደርም ይወቀው።

2ኛ. ሁለቱ መዝገቦች ይዘጋጁ፤ የሚመጡትና መምጣት የማይችሉት። ለእያንዳንዱ መምጣት ለማይችል ሰው ሁለት የቅርብ ጎረቤት ወጣቶች በስም ይመደቡ። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ መድኃኒቱንና የሕክምና ካርዱን ይዞ እንዲወጣ ይነገር።

3ኛ. አዳራሹ በሜትር ይለካ፤ ውሃው በሊትር ይቆጠር። የጎደለው ከሰደቃ ይሟላ።

4ኛ. አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሙከራ ይደረግ። ድምፅ ማጉያው ይጥራ፣ ወጣቶቹ ወደተመደቡበት ቤት ይሂዱ፣ ቃሬዛው በጠባቡ መንገድ ያልፍ እንደሆነ ይታይ። በወረቀት ላይ የማይታየው ጉድለት የሚገለጠው ያን ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ምሽቶች፣ አንድ የመለኪያ ሜትር፣ አንድ ደብተርና የጠራ ኒያ ነው። ቀደምቶቻችን በድርቅ ዓመት ያልመጣውን ቆጥረዋል። እኛም የሚቀጥለው ዝናብ ሳይቀድመን በየሰፈራችን ያለውን አልጋ ላይ የዋለ ሰው በስሙ እንወቀው። አላህ (ሱ.ወ) ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን፤ ለመልካም ሥራም ይወፍቀን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።